«ደረትዎ አያስደንቅም»፦ የሕክምና ወረቀታችንን ማን ያስረዳን?

የዛሬው ዝግጅታችን የሚጀምረው ከአክስቴ ቤት፣ ከረከቦቱ አጠገብ ነው።

አክስቴ ባለፈው ክረምት ሳል ጠንቶባት አንድ የጤና ተቋም ሄደች። ካርድ አወጣች፣ ወረፋ ጠበቀች፣ ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ ውጤቱን አየና «ደህና ነዎት እማማ፣ ይህን ሽሮፕ ይውሰዱ» ብሎ ሸኛት። ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ስታየው ግን ልቧ አላርፍ አለ። ሐኪሙ የነገራት ሁለት ቃል፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስምንት መስመር እንግሊዝኛ! «የቀረውን ምን አደረገው? ደብቆኝ ይሆን?» ብላ ደወለችልኝ።

ሄድኩ። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አነሣሁና ለማስተርጎሚያው ሰጠሁት። ስልኩ ትንሽ አሰበና «ደረት፦ የማያስደንቅ» አለ። አክስቴ ስኒዎቹን እየደረደረች ዝም አለች። ቆየት ብላ «እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ደረቴ ማንን ሊያስደንቅ ኖሯል?» አለችኝ። ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን «ቆይ፣ ታዲያ ደህና ነኝ ማለት ነው ወይስ አይደለሁም?» አለች። ጥያቄው ይኸው ነበር፤ ስልኩም አልመለሰውም።

ወረቀቱ ላይ ያለችው ቃል «አንሪማርከብል» ናት። በሐኪሞች አነጋገር «ልናገርበት የሚገባ የተለየ ነገር አላየሁም» ማለት ነው። ራጅ ለተነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ ዜና የለም። ስልኩ ቃሏን ተርጉሟታል፤ ዜናውን ግን አላደረሰም። ዛሬ የምናወራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ክፍተት ነው። የቋንቋ ቴክኖሎጂ፣ ማለትም ጽሑፍ የሚያነብ፣ የሚያሳጥር፣ የሚያቀልና የሚተረጉም የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ታማሚ የገዛ መዝገቡን እንዲረዳ ምን ያህል ያግዘዋል? የትስ ላይ ያሳስተዋል?

አንድ ነገር እናስቀድም። ያ ወረቀት መጀመሪያውኑ ለአክስቴ የተጻፈ አይደለም። የሕክምና መዝገብ ሐኪም ለሐኪም የሚጽፈው የችኮላ ደብዳቤ ነው። ቃላቱ ከላቲንና ከግሪክ የወረዱ ናቸው፤ ግማሹም ምህጻረ ቃል ነው። «ቢአይዲ» ማለት በቀን ሁለት ጊዜ፣ «ፒአርኤን» ማለት ሲያስፈልግ ብቻ ነው። «ኤስኦቢ» የትንፋሽ ማጠር ናት፤ በአሜሪካ መንገድ ላይ ግን ያችው ምህጻር የእናት ስድብ ስለሆነች፣ መዝገባቸውን ከፍተው ያዩዋት ታማሚዎች ሐኪሙ የሰደባቸው ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። ደግሞ «ታማሚዋ ትኩሳት የለኝም ብላለች» ለማለት እንግሊዝኛው «ዲናይስ» ይላል። ቃል በቃል ሲዞር «ታማሚዋ ትኩሳትን ክዳለች» ይሆናል። ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠ ቃል ነው የሚመስለው!

ይህ ችግር የእኛ ብቻ፣ የእንግሊዝኛ እጥረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ዓመታዊው ትርኢት ላይ 215 እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጎልማሶችን አቁመው፣ ሐኪሞች በየቀኑ የሚሏቸውን ሐረጎች ትርጉም ጠየቋቸው። የካንሰር ምርመራ «ኔጋቲቭ» መሆን መልካም ዜና እንደሆነ ከመቶ 96ቱ ዐወቁ። «ሊምፍ ኖድዎ ፖዘቲቭ ነው» ሲባል ግን ካንሰሩ ተሠራጭቷል ማለት እንደሆነ የገባቸው 67 ከመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ፖዘቲቭ የሚለውን ሲሰሙ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ከሁሉ የሚገርመው «ኦከልት ኢንፌክሽን» የሚለው ነው። ለሐኪሙ «የተደበቀ ኢንፌክሽን» ማለት ነው፤ በተራው እንግሊዝኛ ግን ኦከልት የጥንቆላ ቃል ናት። በትክክል የተረዱት 2 ከመቶ ነበሩ፤ ነገሩን ከእርግማን ጋር ያያያዙት ከእነሱ ይበልጣሉ። በሚኒሶታ! እኛ አገር ቢሆን «ድሮም መተት ነው ብያለሁ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም ነበር።

ለመሆኑ ታማሚ መዝገቡን ማየቱ አሁን እንዴት እንዲህ ጉዳይ ሆነ? ድሮ የሚያየው አልነበረም። በአሜሪካ ታማሚ የመዝገቡን ቅጂ የመጠየቅ መብት ከቆየ ሰንብቷል፤ ሆኖም ጠይቆ፣ ጠብቆ፣ አንዳንዴም ከፍሎ ነበር የሚያገኘው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቦስተን፣ ፔንስልቬንያና ሲያትል ውስጥ 105 ሐኪሞች «ኦፕን ኖትስ» በተባለ ሙከራ የጻፉትን ማስታወሻ ለታማሚዎቻቸው በኢንተርኔት ከፈቱት። ብዙ ሐኪሞች «ሕዝቡ ይደነግጣል፣ ስልካችን ሲጮኽ ይውላል» ብለው ሰግተው ነበር። በ2012 ውጤቱ ሲታተም ማስታወሻው ግራ አጋባን ወይም አስጨነቀን ያሉት ታማሚዎች ከመቶ ዐሥር አልሞሉም። አብዛኞቹ ይልቁን መድኃኒታችንን በአግባቡ እንድንወስድ ረዳን አሉ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ደግሞ በአገሪቱ ሕግ የሐኪሙ ማስታወሻና የምርመራው ውጤት ሳይዘገይ ለታማሚው በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈት ግድ ሆነ። አንዳንዴ ሐኪሙ ራሱ ሳያየው ውጤቱ ታማሚው ስልክ ላይ ይደርሳል። በሩ ተከፈተ፤ ቤቱ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ግን ያው የድሮው ነው።

የቋንቋ ቴክኖሎጂ የገባው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች ሥራ መዝገበ ቃላት የማገላበጥ ያህል ነበር። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራውን ኖትኤይድን እንውሰድ። የሐኪሙን ጽሑፍ ስትሰጡት ከባድ ቃላቱን ለይቶ ለእያንዳንዱ ቀላል ማብራሪያ ያያይዝለታል። ጽሑፉን አይነካውም፤ ኅዳጉ ላይ እንደተጻፈ አንድምታ ከጎኑ ይቆማል። ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ወጥመድ አለበት። «ኤምኤስ» የምትለዋ ምህጻር አንድ ወረቀት ላይ የነርቭ በሽታ፣ ሌላው ላይ የልብ በር መጥበብ፣ ሦስተኛው ላይ ሞርፊን ልትሆን ትችላለች። ፕሮግራሙ ዙሪያዋን አይቶ መወሰን አለበት። ደግሞም «የሳምባ ምች» የሚል ቃል መዝገብ ላይ ስለተገኘ ብቻ በሽታው አለ ማለት አይደለም፤ «የሳምባ ምች ምልክት የለም» ሊሆን ይችላል ዓረፍተ ነገሩ። ለዚህች «የለም» ብቻ እ.ኤ.አ. በ2001 ራሱን የቻለ ዘዴ ተሠርቶላታል፤ «ኔግኤክስ» ይባላል። አንዲት አፍራሽ ቃል የምታፈርሰው እስከ የትኛው ቃል ድረስ እንደሆነ ይከታተላል።

አሁን ያሉት ግን ከዚያ የተለዩ ናቸው። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች በኅዳግ ማብራሪያ አይወሰኑም፤ መዝገቡን አንብበው እንደ አዲስ ይጽፉታል። ሲጽፉም እንደ ደህና ጸሐፊ ነው። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ሰዎችን 50 የመውጫ ማጠቃለያዎች ለአንዱ ሞዴል ሰጥተው ለታማሚ በሚመች ቋንቋ አስጻፉት፤ ጥናቱ የወጣው በ2024 ነው። ቀድሞ ጽሑፉ የ11ኛ ክፍል የንባብ ደረጃ የሚጠይቅ ነበር፤ ሞዴሉ ወደ 6ኛ ክፍል አወረደው። ለመረዳት ይመቻል ወይ ተብሎ በመለኪያ ሲታይም ከ13 ከመቶ ወደ 81 ከመቶ ወጣ። ደስ ይላል አይደል?

ቀጥሎ ያለውንም ስሙ። ሐኪሞች ጽሑፎቹን ከዋናው ጋር እያስተያዩ 100 ግምገማ ሰጡ። በትክክለኛነት ከፍተኛውን ነጥብ የሰጡት 54ቱ ብቻ ናቸው። በ18ቱ ደግሞ «ይህ ታማሚውን ሊጎዳ ይችላል» የሚል ሥጋት ተመዘገበ። በብዛት የታየው ጉድለት መዝለል ነው፤ ዋናው ላይ ያለች አስፈላጊ ነገር በአጭሩ ላይ ትቀራለች። አልፎ አልፎ ደግሞ ያልነበረ ነገር ይጨመራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ከባዱን ወረቀት ስናነብ ቢያንስ እንዳልገባን እናውቃለን፤ ስለዚህ እንጠይቃለን። የተዋበውንና የቀለለውን ስናነብ ግን ገብቶን እናጥፈዋለን። የዘለለውን ነገር የሚያውቅ ከእኛ ጋር የለም።

ወደ ትርጉም እንለፍ፤ የእኛን ሰው በይበልጥ የሚነካው እሱ ነው። ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. 2021፣ ከድንገተኛ ክፍል ለሚወጡ ሰዎች የሚሰጡ የተለመዱ ምክሮችን በጉግል ትራንስሌት ወደ 7 ቋንቋዎች አስተርጉሞ መዘነ። የስፓኒሽኛው ትርጉም 94 ከመቶ ልክ ነበር። የአርመንኛው 55 ከመቶ። ልዩነቱን የሚያመጣው የጽሑፍ ብዛት ነው፤ ማሽን የሚማረው ከተጻፈ ነገር ስለሆነ፣ ጥቂት የተጻፈበት ቋንቋ ላይ በጥቂቱ ይማራል። ከአርመንኛው አንዱ ምሳሌ ይኸው። «ለሕመሙ ሲያስፈልግዎ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን አይቡፕሮፌን መውሰድ ይችላሉ» የሚለው ምክር ተተርጉሞ ሲወጣ «ለሕመሙ የሚያስፈልግዎን ያህል ፀረ ታንክ ሚሳይል መውሰድ ይችላሉ» አለ። ይህን ስሕተት ማንም ያየዋል፤ ማንም ሚሳይል አይውጥም። የሚያስፈራው የማይታየው ስሕተት ነው። አማርኛ ከሰባቱ አንዱ አልነበረም። ጉግል አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ተሻሽሏል። ያም ሆኖ ለእኛ ቋንቋ ልዩ የሆኑ ወጥመዶች አሉ። እስቲ ቀረብ ብለን እንያቸው።

አንደኛው ሰዓት ነው። ወረቀቱ «በ8 ኤኤም ይውሰዱ» ይላል። ይህ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ማሽኑ ቁጥሩን ሳይነካ «በ8 ሰዓት ይውሰዱ» ካለ፣ እናቴ መድኃኒቷን የምትወስደው ከምሳ በኋላ ነው። ስድስት ሰዓት! ለጨጓራ መድኃኒት ብዙ ላይከፋ ይችላል፤ ለኢንሱሊን ግን ሌላ ነገር ነው። «ከጠዋቱ 8 ሰዓት» ቢል ደግሞ እንዲህ ያለ ሰዓት አገራችን ውስጥ የለም።

ቀኑም እንዲሁ። ቀጠሮው «3/5/2025» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ዋሺንግተን ውስጥ ማርች 5 ነው፣ የእኛ የካቲት 26። ለንደን ላይ የተጻፈ ከሆነ ሜይ 3 ነው፣ የእኛ ሚያዝያ 25። አዲስ አበባ ላለች አክስቴ ካሳያችኋት ደግሞ «ውይ ልጄ፣ 2025 መቼ ደርሶ!» ትላለች። ማሽን ቃል ሲተረጉም ዘመን መቁጠሪያ አይተረጉምም፤ ካላዘዙት በቀር።

ሁለተኛው አንዲት ፊደል ናት። «ይውሰዱ» እና «አይውሰዱ»። በእንግሊዝኛ «ዱ ኖት» ተብሎ ራሱን ችሎ የሚቆመው ክልከላ በእኛ ቋንቋ ከግሡ ፊት አንዲት «አ» ሆኖ ይለጠፋል። ብትወድቅ ድምፅ የላትም፤ ዓረፍተ ነገሩም ቅጥ ያለው አማርኛ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ በስልክ ያስተረጎማችሁትን የመድኃኒት መመሪያ ስታነቡ ዐይናችሁ መጀመሪያ «አይ» የሚል ይፈልግ። ዋናው ወረቀት ላይ «ኖት» ወይም «ኖ» የሚል ካለና እዚህ «አይ» ከሌለ፣ አቁሙ።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው የምለው ነው። መዝገበ ቃላት «ፖዘቲቭ»ን «አዎንታዊ»፣ «ኔጋቲቭ»ን «አሉታዊ» ይላል። ሰዋሰው ትምህርት ላይ ልክ ነው። ላብራቶሪ ውጤት ላይ ግን አደጋ ነው። «የምርመራዎ ውጤት አዎንታዊ ነው» የተባለ ሰው ይደሰታል፤ «አሉታዊ ነው» የተባለው ይደነግጣል። እውነታው ግልባጩ! ሕዝባችን ከኤችአይቪ ዘመን ጀምሮ «ፖዘቲቭ» እና «ኔጋቲቭ»ን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ገጠር ያለችው እናት ሳትቀር ታውቃለች። እዚህ ላይ ንጹሕ አማርኛ መፈለግ ታማሚውን መጉዳት ነው። ከዚያም የሚሻለው «ቫይረሱ ተገኝቷል» ወይም «አልተገኘም» ማለት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሕዝቡ የራሱ ስም ያለው በሽታ አለ። «ሄርፐስ ዞስተር» ብሎ በፊደላችን መጻፍ ማንን ይጠቅማል? አልማዝ ባለጭራ ሲባል ያልገባው ማን ነው? ግን ጥንቃቄ፤ የሕዝቡ ስም ሁሌም ከሐኪሙ ስም ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም። ወገቡን ያመመው ሰው «ኩላሊቴን» ይላል፤ ኩላሊቱ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። «ልቤን ያቃጥለኛል» የምትለው ሴትዮ የምትናገረው ስለ ጨጓራዋ አሲድ ነው። ማሽኑ ይህን «የልብ ሕመም» ብሎ ሐኪሙ ስክሪን ላይ ቢጽፈውስ? እንዲህ ያለ ነገር የሰው አስተርጓሚ በሌለበት ምን እንደሚያደርግ ፍሎሪዳ ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ራሱን ስቶ ሆስፒታል የገባ የ18 ዓመት ወጣት ቤተሰቦች በስፓኒሽኛ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ የበላው ነገር ሳይስማማው ቀርቷል ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ «ዕፅ ወስዷል» ብለው ሰሙ። እውነተኛው ምክንያት ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነበር። ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ፤ ካሳውም ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

እንግዲህ በአሜሪካ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ አንድ መብታችሁን ልንገራችሁ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚደርሰው የሕክምና ተቋም ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይቀናው ታማሚ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ ማድረግ ከድንገተኛ አደጋ በቀር አይፈቀድም። በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ወሳኝ የሆነ ጽሑፍ በማሽን ከተተረጎመ ብቃት ያለው የሰው ተርጓሚ እንዲያየው ያዛል። ዋሺንግተን ዲሲ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ወዲህ የከተማው መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። «እናስቸግራቸዋለን» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ጠይቁ።

እዚህ አገር ቤት ያለው ችግር በሌላ በኩል ነው። ሐኪሞቻችን የሚማሩት በእንግሊዝኛ፣ ካርዱ ላይም የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። ከታማሚው ጋር ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ያወራሉ። ያ ወሬ ነው ወርቁ፤ ነርሷ ለአዛውንቷ ስኳር ምን እንደሆነ ቁጭ ብላ ያስረዳችበት ቋንቋ። ግን አይጻፍም፤ አየር ላይ ይቀራል። ማሽን ደግሞ ያልተጻፈ አይማርም። ስለዚህ የሕክምና አማርኛን ለኮምፒውተር ማስተማር የሚፈልጉ ወጣት ባለሙያዎቻችን ከመዝገበ ቃላቱ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋ ቢሄዱ ይሻላቸዋል ባይ ነኝ። በየቤቱ እየገቡ ሲያስረዱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የትኛው ቃል እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚያስደነግጥ እነሱ ያውቁታል።

ታዲያ ስልካችንን እንጣለው? አይደለም። እኔም አልጣልኩትም። ግን የማዘው ነገር ተለውጧል። አሁን «ተርጉምልኝ» አልለውም። «ይህ ውጤት በቀላል አማርኛ ምን ማለት ነው? ያልገባህን ምህጻር አትገምት፣ ለይተህ ንገረኝ። ሐኪሙን የምጠይቀው ሦስት ጥያቄም ስጠኝ» እለዋለሁ። ጥያቄዎቹ ብዙ ጊዜ ከማብራሪያው ይሻላሉ። የመድኃኒት መጠንና ሰዓት ግን ከስልክ አልቀበልም፤ እሱ ከሐኪሙ ወይም ከፋርማሲስቱ አፍ ነው። ደግሞ ፎቶውን ከማስገባቴ በፊት የአክስቴን ስም፣ የካርድ ቁጥሯንና ስልኳን በእጄ እሸፍናለሁ። አንዴ የገባ ወረቀት የት እንደሚቀመጥ አናውቅማ።

በነገራችን ላይ አክስቴ ሳሏ ለቋታል። በሦስተኛው ቀን ይዣት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ስምንቱን መስመር በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ በአማርኛ ነገራት። አራት ደቂቃ ቢፈጅበት ነው። ስትወጣ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች «ይኸው አይደል፣ መጀመሪያም እንዲህ ቢለኝ» አለች።

አድማጮቻችን፣ ቤታችሁ ውስጥ ያልገባችሁ የሕክምና ወረቀት ካለ ሳምንት ሳይሞላ አውጡት። ያልገባችሁን ቃል በእስክሪብቶ አስምሩበትና በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ይዛችሁት ግቡ። ሐኪሙ አስረድቶ ሲጨርስም ከወንበሩ ከመነሣታችሁ በፊት የተረዳችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት።